ለአነስተኛ ማዘጋጃ ቤት የሂሳብ ሶፍትዌር፦ ከወጪው ይልቅ ገቢው ይቅደም

የጠየቁት ጎጃም ውስጥ ላለች አነስተኛ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ፒችትሪ የተባለው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የሂሳብ ሶፍትዌር ይበቃል ወይስ አዲስ ሶፍትዌር በባለሙያ ማሠራት ይሻላል የሚል ነው። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ አነስተኛ ማዘጋጃ ቤት በሂሳብ ሥራ ላይ ቆይቼ ካየሁት ተነሥቼ ስመልስ፣ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ሶፍትዌሩ የሚፈለገው ለወጪ ነው ወይስ ለገቢ የሚለውን ይለዩ እላለሁ።

የወጪው ሥርዓት ከሞላ ጎደል የተዘረጋ ነው። የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች የበጀት ወጪያቸውን አይቤክስ በተባለው የመንግሥት የበጀትና የወጪ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ ደመወዝ በሂሳብ መደብ 6111፣ ነዳጅ በ6217፣ ውሎ አበል በ6231 እየተለየ ምክር ቤቱ ካጸደቀው በጀት ጋር ይመሳከራል። ፒችትሪ ለንግድ ድርጅት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም በጀትን ከወጪ ጋር አነጻጽሮ ያሳያል እንጂ ከበጀት በላይ የሆነን ክፍያ አያስቆምም። ቀንንም በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚይዝ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ለሚሄደው የበጀት ዓመታችን ጳጉሜን ጨምሮ ወራቱን በእጅ ማስተካከል ይጠይቃል። ስለዚህ ለወጪው ሲባል ሌላ ሶፍትዌር መግዛት አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ማዘጋጃ ቤት ገንዘብ የሚያጣው በገቢው በኩል ነው። መንግሥታዊ ሂሳባችን የሚያዘው በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት ስለሆነ፣ ገቢ የሚመዘገበው ገንዘቡ እጅ ሲገባ ብቻ ነው። አንድ ሰው የቦታ ኪራዩን ለዓመታት ባይከፍል ወይም የማዘጋጃ ቤት ሱቅ ተከራይ ውዝፍ ቢያከማች፣ የሂሳብ መዝገቡ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ ያ ዕዳ የትም አይታይም፤ የሚገኘው በማኅደር ውስጥ ነው፣ ያውም ማኅደሩ ከተገኘ። ምክር ቤቱ የተሰበሰበውን እንጂ መሰብሰብ የነበረበትን ሳያይ በጀት ያጸድቃል። የሚያሠሩት ሶፍትዌር እንግዲህ በመጀመሪያ የከፋዮችና የይዞታዎች መዝገብ መሆን አለበት፦ የቦታ ኪራይ፣ ሊዝ፣ የሱቅ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ ለእያንዳንዱ በዓመት የሚጠበቀው፣ የተከፈለውና ውዝፉ፣ በየቀበሌው ተለይቶ በአማርኛ የሚታተም።

በዚህ መዝገብ ላይ አጥብቄ የማሳስበው የስም ፍለጋን ነው። «ኃይሌ»ን አንዱ ሠራተኛ በኃ፣ ሌላው በሀ ይጽፈዋል፤ «ዓለሙ» እና «አለሙ»ም እንዲሁ ናቸው። ሶፍትዌሩ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ካልቆጠረ፣ አንድ ከፋይ ሁለት ማኅደር ይከፈትለትና ውዝፉ በአንዱ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ይህን ፕሮግራም ሠሪው ሥራውን ሳይጀምር ይንገሩት። በአንድ ቀበሌ ስሙ፣ የአባቱ ስምና የአያቱ ስም ሳይቀር ከሌላ ሰው ጋር የሚገጥም ከፋይ ስለማይጠፋም፣ የመዝገቡ መለያ የይዞታው ቁጥር እንጂ ስም አይሁን።

በገበያ ቀን የሚሰበሰበው የኮቴና የከብት ገበያ ገቢ ግን በከፋይ ስም ሊያዝ አይችልም። እዚያ መቆጣጠሪያው የደረሰኝ ጥራዙ ነው፤ የትኛው ሰብሳቢ ከስንት እስከ ስንት ቁጥር ወሰደ፣ ስንቱን ቆረጠ፣ ስንት ብር ባንክ ገባ የሚለውን ሶፍትዌሩ በዕለቱ ማስታረቅ ይኖርበታል።

ጊዜውንም ይምረጡ። ሐምሌ አነስተኛ ነጋዴዎች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚከፍሉበት ወር ስለሆነ ቢሮው ይጨናነቃል፤ መረጃ የማስገባቱ ሥራ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ቢያልቅ፣ በአዲሱ የበጀት ዓመት ውዝፉ ተጣርቶ ይጀመራል። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም የወረቀት ደረሰኙ ይቀጥል፤ የመረጃው ቅጂም በየሳምንቱ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ።

ውሉን ሲያዘጋጁ መረጃው የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት እንደሆነ፣ በተፈለገ ጊዜም ሙሉው ወደ ኤክሴል እንደሚወጣ ያስፍሩ። ሠራተኛ ስለሚዛወር ቢያንስ ሁለት ሰው እንዲሠለጥን ያድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ብልሽት ባለሙያ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ መጠበቅ አይቻልም። የክፍያውን የመጨረሻ ክፍል ደግሞ ሶፍትዌሩ አንድ የሰኔ 30 መዝጊያ አልፎ፣ ውዝፉን ወደ አዲሱ ዓመት በትክክል ማሸጋገሩ እስኪረጋገጥ ድረስ ይያዙት።