መልስ፦ ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

እህቴ፣ እናትሽ የሚያርፉት ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሆነ (የቴክሳሱ ዳላስ እንዳልሆነ ገምቼ ነው) ርቀቱ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይረዝማል ላልሽው፣ ዋናው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል፤ በፊት ደብሊን ነበር፣ የእናትሽን ትኬቱ ላይ እዪ። ነፋሱም ከምዕራብ ስለሚመጣ ሲሄዱ ፊት ለፊት ነው። መቆሚያውን ጨምረሽ 16፣ 17 ሰዓት ያዢ። ከደለስ ሲመለሱ ግን ሜዳው ዝቅ ያለ፣ ነፋሱ ከኋላ፤ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ናቸው።

ደግሞ ትኬቱ ላይ ጠዋት 10:30 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 4፡30 ማለት ነው። የኔ እናት ከሰዓት በኋላ አሥር ተኩል መስሏቸው ተረጋግተው ሲደርሱ አውሮፕላኑ ሄዷል! የማረፊያውን ሰዓት ስታሰቢ ዋሽንግተን በብርዱ ወቅታቸው 8፣ በሙቀቱ ወቅታቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነች አትርሺ።