ካርማን ጊያና ቮልስ በሐረጎ ቁልቁለት፦ የፍሬን ጥያቄና መልስ

ኮምቦልቻ ውስጥ የአሮጌ መኪና ፍሬን ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከደሴም ከኮምቦልቻም የደረሱኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። የሞዴል ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከደሴ ፒያሳ፦ ጋሼ፣ የ1965 ካርማን ጊያ አለኝ፤ የቮልስዋገን መኪና ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ግማሽ መንገድ ላይ የፍሬኑ ፔዳል ይጠነክራል፣ መኪናው ግን አይይዝም። ወደ ዲስክ ልቀይር?

ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው ካልያዘ የፍሬኑ ሸራ ግሏል። ለስልሶ ወደ ታች ከገባ ደግሞ ዘይቱ ፈልቷል፤ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ትወርዳለህ። ሰው የጫነ 1,000 ኪሎ መኪና ይህን በፍሬን ብቻ ቢወርድ፣ ሙቀቱ ከ15 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል! ታምቡር፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል። ዲስክ ግን ገላጣ ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል። ስለዚህ መቀየሩን እደግፋለሁ።

ፋብሪካው ለ1967 ሞዴል የፊት ዲስክ አድርጎለታል። ችግሩ፣ የፊት እግሩ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ በቦል ጆይንት (በኳስ መገጣጠሚያ) ስለሆነ ዕቃው ያንተው ላይ በቀጥታ አይገባም። ወይ ለአሮጌው እግር የተሠራ ዕቃ ትፈልጋለህ፣ ወይ የፊት እግሩን በሙሉ ትቀይራለህ። የፋብሪካውን ዲስክ ከመረጥክ ቸርኬውም ከ5 ቡሎን ወደ 4 ይሄዳል። የፍሬን ማስተሩንም፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን፣ አትርሳ፦ የታምቡሩ ማስተር ትንሽ ግፊት ይዞ የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ዲስክ ላይ ከተውከው ሸራው ሁልጊዜ እያሸ ይግላል።

ግን ከሁሉ በፊት ያለውን ፍሬን አስተካክል። አንድ ደንበኛዬ ዲስክ ሊያስገባ መጥቶ ሳየው የፍሬን ቱቦው ውስጡ አብጦ ተዘግቶ ነበር። ቱቦ ቀይረን፣ ታምቡሩን ቶርኖ አስገብተን፣ አዲስ ሸራ አድርገን ዛሬም ይነዳዋል። ቁልቁለቱንም በ2ኛ ማርሽ ውረድ፤ ሞተሩ ይያዝልህ።

ከኮምቦልቻ፦ የፍሬን ዘይት መቼ ይቀየር?

በየ2 ዓመቱ፣ እህቴ። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ በዚያም የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ሲገዛ ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አትግዢ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ከሰኞ ገበያ፦ አሮጌ ቮልሴ አንድ የዘይት መስመር ብቻ ነው ያለው። ያሰጋል?

አዎ፣ በጣም ያሰጋል። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከዲስክም በፊት ባለሁለት መስመር ማስተር አስገባ፤ ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እሱን ምረጥ።

ሰርቮ ብጨምርስ?

ሰርቮ በአየር ግፊት ፔዳሉን የሚያግዝ ዕቃ ነው፤ እግርህን ያቀልልሃል እንጂ ፍሬኑን አያቀዘቅዝም። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ሰርቮውም በዚያው ልክ ይደክማል።

ታምቡሩን በኮምፕሬሰር ነፍቼ ላጽዳው?

በፍጹም! የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁንም በላስቲክ አስረህ ጣለው። ልጆችም አጠገብህ አይኑሩ።