«ፒ» እና «ኤን» ጽፎ «ፔን» ያለኝ ልጅ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

እዚሁ ጎንደር ውስጥ 34 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። አሁን ሥራዬ በረንዳ ላይ ቡና መጠጣትና አላፊ አግዳሚውን ማየት ነው። ከማራኪ ወደ ፒያሳ ስትሄዱ አያችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ ማታ ማታ የሰው ልጅ እንደምታስጠኑ አውቃለሁ፤ ለኪስ የምትሆን ብር መቼም ተማሪ አይጠላም። ሌሎቻችሁ ደግሞ እናታችሁ «እስቲ የዚህን ልጅ እንግሊዝኛ እይልኝ» ብላ ታናሽ ወንድም ያስታቀፈቻችሁ ናችሁ። አዲስ የተመደባችሁ መምህራንም አላችሁ። ለሁላችሁም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማንበብ ያቃተው ልጅ አጠገብ ስትቀመጡ፣ ከመጽሐፉ በፊት የልጁን ስህተት አንብቡ።

ይህ እስኪገባኝ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። ተነሥ አንብብ ሲባል እንደ ውሃ ይወርድለታል። እኔም ለሌሎቹ ምሳሌ አድርጌ አስነሣዋለሁ። አንድ ቀን ከኋላው ዞሬ ብመለከት የገለጠው ሌላ ገጽ ነው። ምንባቡን ከጓደኞቹ አፍ ሰምቶ ሸምድዶታል እንጂ አንዲት ቃል አያነብም። «ቲቸር፣ ይኼ ገጽ አይደል እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያ ልጅ እጁን አላወጣም። ሙሉ ገጽ በጆሮው ይዞ የሚዞር ልጅ፣ እኔ ዘንድ ሰነፍ ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

የሚገርመው መድኃኒቱን ከልጅነቴ አውቀው ነበር። ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ደጅ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የኔታ በስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል ያስነኩናል። ሀ ሁ ሂን እንደ ዘፈን ካወረድነው በኋላ «በል እንግዲህ፣ አቡጊዳ» ይላሉ። ዘፈኑ እዚያ ላይ ይሰበራል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተራው ተዘበራርቋል፤ እያንዳንዷን በመልኳ ካላወቅሃት አታልፍም። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚያ አባቶች ሽምደዳ የልጅ መሸሸጊያ መሆኑን በደንብ ያውቁ ነበር። እኛ ዘመናዊዎቹ ግን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲን በዜማ አስዘምረን፣ አጨብጭበን፣ ወደ ምዕራፍ ሁለት አለፍን። እናንተ 26ቱን ፊደላት በቁርጥራጭ ካርቶን ላይ ጻፉና በውዛችሁ አሳዩት። ግማሹን የማያውቅ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ታገኛላችሁ። ስታገኙ ልጁ ፊት እንዳትደነግጡ።

ዜማው ሌላም ጣጣ አለው። የእኛ ፊደል ስሙና ድምፁ አንድ ነው። «በ» ብቻዋንም «በ» ናት፣ ቃል ውስጥም «በ» ናት። የእንግሊዝኛው ግን ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ። «ኤች» ስትባል «ህ» የሚል ድምፅ ተሰምቷችሁ ያውቃል? ስሙን ብቻ የሚያውቅ ልጅ «ካት» የሚለውን ቃል ሲያይ «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ይላል። «ሲኤቲ» የሚባል እንስሳ ስለማያውቅ እዚያው ይቆማል። ምን ያድርግ፣ ያስተማርነውን ነው ያነበበው።

ስለዚህ ከስም በፊት ድምፅ። እዚህ ላይ የአማርኛ አስጠኚ ፈረንጅ የሌለው ስጦታ አለው፤ እሱም ሳድስ ነው። «ቤት» ስንል መጨረሻ ላይ የምትሰማዋን «ት» ልብ በሉ። አናባቢ አልተጫነባትም፤ ባዶዋን ነው የቆመችው። የእንግሊዝኛ ተነባቢ ሁሉ እንዲህ ያለ ሳድስ ነው በሉት። አናባቢው ለብቻው፣ በሌላ ፊደል ይመጣል። ቲን «ተ»፣ ፒን «ፐ» ብላችሁ ካስተማራችሁት «ተ–አ–ፐ» ይልና «ታፕ» የምትለዋ ቃል በምንም አትገጥምለትም። «ት–አ–ፕ» ሲል ግን ቃሏ ራሷ ትመጣለች።

ሁሉንም ፊደል በአንዴ አታውርዱበት። ስድስት ብቻ ያዙ፦ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ፒ፣ አይ፣ ኤን። በነዚህ ብቻ ሲት፣ ፒን፣ ታፕ፣ ፓን፣ ቲን፣ ናፕ ማንበብ ይቻላል። እንግሊዝ አገርም ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጀምሩት በእነዚሁ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ሳያቀብለው አንድ ቃል ሲያነብ ፊቱን እዩት።

ወደ ስህተቱ ልምጣ፤ የምወደው ክፍል ይህ ነው። አንድ ልጅ ቃለ ጽሕፈት ስሰጠው «ፔን» በማለት ፈንታ «ፒ» እና «ኤን» ብቻ ጻፈ። ድሮ ቢሆን ቀይ ኤክስ አድርጌበት አልፍ ነበር። «እስቲ አንብብልኝ» አልሁት። ጣቱን እያሳረፈ «ፕ… ኤን። ፔን!» አለኝ። አያችሁ? «ኤን» በምትባለው ፊደል ስም ውስጥ «ኤ» አለች። ታዲያ ሌላ አናባቢ ምን ያደርጋል? ደግሞስ እኛ ዘንድ «ፔ» አንዲት ፊደል አይደለችም እንዴ? ልጁ አስቦበታል። የጎደለችው አንዲት ደንብ ብቻ ናት። የእኛ ፊደል አናባቢውን አዝሎ ይሄዳል፤ የእንግሊዝኛው አውርዶ በእግሩ ያስኬደዋል። እንዲህ ስለው «እ–ህ!» አለና ሌሎች ሦስት ቃላት ራሱ አረመ።

ሌላዋ ተማሪዬ «ስኩል»ን በ«ኢ» ጀመረችው። አማርኛ ቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ ተቃቅፎ ሲቆም አይወድም፤ «እስኩል»፣ «እስፖርት» እንላለን። ልጅቷ የጻፈችው ከአስተማሪዋ አፍ የሰማችውን ነው፤ አስተማሪዋ ደግሞ እኔ ነኝ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታረመው የእኛ አፍ ነው። «ቦሊስ» የሚሉ አያት ያሉት ልጅ ፒና ቢን ቢያደባልቅስ ምን ይገርማል? መዳፉን አፉ ፊት አድርጎ እንግሊዞች እንደሚሏት «ፕ» ይበል። ትንፋሹ መዳፉን ይመታዋል። «ብ» ሲል ያን ያህል አይሰማውም። ጆሮው ያልለየውን መዳፉ ይለይለታል።

«ሺፕ» ስለሚባሉት ሁለት ቃላት፣ ስለ መርከቡና ስለ በጓ፣ መጀመሪያ ላይ አትጨነቁ። ዓረፍተ ነገሩ ይለያቸዋል። እኛስ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን «አልደረሰም» ማለታችን ይሁን ፊደሉ መቼ ይናገራል? ማጥበቅና ማላላቱን ከአገባቡ ነው የምናውቀው።

ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። «ናይፍ» ላይ ኬ ምን ትሠራለች? «ዝም ብለህ ያዛት» እንዳትሉ። ድሮ እንግሊዞች ኬዋን ይጠሯት ነበር፤ «ክኒፍ» የሚል ዓይነት ነበር ቃሉ። ማተሚያ እንግሊዝ አገር የገባው በፈረንጆቹ 1476 ነው። ከዚያ ወዲህ አጻጻፉ እያደር ረጋ፤ አፋቸው ግን መለወጡን አላቆመም። ድምፁ ሄደ፣ ፊደሉ ቀረ። ለጎንደር ልጅ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። «ንጉሥ» በንጉሡ ሠ፣ «ፀሐይ» በሐመሩ ሐ የሚጻፉት ለምን ሆነና? በጥንቱ ግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ዛሬ አፋችን ላይ አንድ ሆኑ፤ ብዕራችን ላይ ግን አሉ። ይህን ያጫወትኋቸው ልጆች ኬዋን «ጡረተኛዋ ኬ» ብለው ስም አወጡላት። እኔን ለመንካት ይሁን አይሁን እንጃ። ብቻ ከዚያ በኋላ የረሳት የለም።

እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆችም ቢሆኑ ይለፉበታል። በፈረንጆቹ 2003 የታተመ፣ የ13 የአውሮፓ ቋንቋዎችን አጻጻፍ ያነጻጸረ ጥናት አለ። እንደ ፊንላንድኛ ፊደላቸው ከድምፃቸው ከሚገጥምላቸው ልጆች ይልቅ በእንግሊዝኛ የሚማሩት የመጀመሪያውን ንባብ ለመልመድ ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ለእነሱ እንዲህ ከሆነ፣ ቋንቋውን ከክፍል ውጪ ለማይሰማው ለአዘዞ ልጅ ምን ያህል ይሆን? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርትነት ይሰጠዋል፤ ዘጠነኛ ሲደርስ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል።

አሁን ከበድ ወደሚለው ልሂድ። አንዳንድ ልጅ ይህን ሁሉ አድርጋችሁለት ፈቀቅ አይልም። ያኔ አማርኛ አስነብቡት። አማርኛውን ቀጥ አድርጎ ካነበበ ችግሩ ያለው እኛው አያያዝ ላይ ነውና ቀጥሉ። አማርኛውንም ፊደል በፊደል እየቆጠረ የሚንፏቀቅ ከሆነ ግን ቆም በሉ። መጀመሪያ ትምህርቱ ተቆራርጦበት እንደሆነ ጠይቁ። በኮሮናው፣ ከዚያም በጦርነቱና በጸጥታው ምክንያት የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ የከረሙ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። እነዚህ ያላወቁት ያልተማሩትን ነው። ቀጥሎ ዓይኑንና ጆሮውን ቤተሰቡ ያስመርምርለት፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። ሰሌዳው ሳይታየው ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ልጅ አውቃለሁ። መነጽር ሲደረግለት በመጀመሪያ ያነበበው የጓደኛውን ቲሸርት ነው።

ያም ካልሆነ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ሊሆን ይችላል። በፈረንጆቹ 1896፣ እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት በዚያው ዓመት፣ ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ብልህ ነው፣ ሒሳብ ይችላል፤ ማንበብና መጻፍ ግን እንቢ ብሎታል። ፐርሲ የሚለውን የገዛ ስሙን «ፕሬሲ» አድርጎ ጻፈው። አስተማሪው፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ጎበዝ እሱ ይሆን ነበር ሲል መስክሮለታል። ይህን ሳነብ ያ ሸምዳጁ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ያኔ ነገሩን «የቃል ዕውርነት» አሉት። ዛሬ ግን የችግሩ ሥር ዓይን ላይ እንዳልሆነ ታውቋል። በአብዛኛው የቃልን ድምፆች ነጥሎ ከፊደል ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው ችግሩ። በዘርም ይሄዳል፤ ስለዚህ አባትየው «እኔም እንዲሁ ነበርሁ» ካሉ አዳምጧቸው። ከስንፍና ጋር የሚያገናኘው የለም። ቢና ዲን ማገላበጥ ብቻውን ግን ምልክት አይሆንም፤ ብዙ ትንንሽ ልጆች ያገላብጣሉ። የሚያገላብጥ ልጅ አውራ ጣቶቹን ወደ ላይ ቀስሮ ሁለቱን ጭብጦች ፊት ለፊት ያጋጥም። አልጋ ይሆናሉ፤ «ቤድ»። ግራው ቢ፣ ቀኙ ዲ። እናንተ ሐኪም ስላልሆናችሁ ለልጁም ለእናቱም የበሽታ ስም አትስጡ። ንባብ እንቢ ያለውን ልጅ የሚረዳው ነገር ሌላውን ከሚረዳው ብዙ አይለይም። ለእሱ ቀስ ያለ፣ ተራውን የጠበቀና እጅግ የተደጋገመ መሆን አለበት።

ከመሣሪያ ሁሉ የምወደው ሰፌድ ነው። ደረቅ አሸዋ ነፍታችሁ ስስ አድርጋችሁ አንጥፉበት። ልጁ ድምፁን እያወጣ በጣቱ ይጻፍ። ሲሳሳት ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ ስህተቱ ይጠፋል። ቀይ እስክሪብቶ የለም፣ ላጲስ የለም። (በዱቄትም ይሆናል፤ ግን በዛሬ ዋጋ ዱቄት በጣት የሚጫወት ሰው እናቱ ታባርረዋለች።) ከዚያ ወደ ወረቀት ተሻገሩ። በቀን አራት ወይም አምስት ቃል ይበቃል። ይየው፣ ድምፁን አውጥቶ ይበለው፣ ይሸፍነው፣ ይጻፈው፣ ገልጦ ራሱ ያመሳክር። በየቀኑ 15 ደቂቃ ከቅዳሜው የሁለት ሰዓት ስቃይ ይበልጣል። ሰው ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ አታስገድዱት። አብራችሁ አንብቡ፤ እናንተ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እሱ አንድ።

ወላጆች ጋ ትንሽ መነካካት አይቀርም። የሚከፍሉት ገንዘብ ደብተር ላይ እንዲታያቸው ይፈልጋሉ። ሙሉ ገጽ የተገለበጠ እንግሊዝኛ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ልጁ አንዲቷን መስመር ባያነብም። አንዳንዱማ «ቤት ውስጥ አማርኛ እንዳትናገሩ» ብሎ ያውጃል። ይህን ነገር አልወደውም። ልጁ ድምፅ ነጥሎ መስማትን የሚማረው በሚያውቀው ቋንቋ ነው፤ የአማርኛ ፊደሉን በደንብ መቁጠሩ እንግሊዝኛው ላይ ያግዘዋል። እናትየዋን አትከራከሩ፤ አንድ ቀን ማታ አጠገባችሁ ቁጭ ብላ እንድታይ ጋብዟት። ደብተሩ ባዶ ነው ካለች ሰፌዱን አቀብሏትና ልጁ ስሟን በእንግሊዝኛ ይጻፍላት።