ሒሳቡ ልክ ነበር

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው የሒሳብ መዝገብ ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራ ለምትጀምሩት ለእናንተ ስለ አንድ ሩሲያዊ ነጋዴ ልጽፍ ነው።

አሌክሳንደር ባራኖቭ ይባላል። ሳይቤሪያ ውስጥ ንግዱ ሲከስርበት፣ እ.ኤ.አ. በ1790 አላስካ ውስጥ የአንድ የሩሲያ የቆዳ ንግድ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ተዋዋለ። መርከቧ መንገድ ላይ ተሰብራ ክረምቱን ኡናላስካ ደሴት ላይ አሳለፈ። ለጥቂት ዓመት ብሎ ሄዶ እስከ 1818 እዚያው ቀረ። ተተኪ ላኩልኝ እያለ ለመነ። አንዱ መንገድ ላይ ሞተ፤ ሌላው መርከብ ሲሰበር አለቀ። ዕድል ነዋ!

ይህን ሁሉ ያመጣው የባሕር ኦተር የሚሉት እንስሳ ነው። እንደ ዓሣ ነባሪ ከቆዳው ሥር ስብ የለውም። ብርዱን የሚችለው በጸጉሩ ነው፤ አንዲት ካሬ ሴንቲሜትር ላይ እስከ 150,000 ጸጉር ይበቅላል። ቻይናዎች ለቆዳው ብዙ ይከፍሉ ነበር። እናቲቱ በጀርባዋ ተንሳፋ ግልገሏን ደረቷ ላይ ታስተኛለች። ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ሲያድኗት ታዲያ ግልገሉም አብሮ ይጠፋል።

ባሕር የሚገባው ግን ባራኖቭ አይደለም። በቆዳ ጀልባ የሚቀዝፉት የአሌውትና የኮዲያክ ደሴት ወንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ተገደው። በ1799 አላስካ ውስጥ ካለችው ከሲትካ ሲመለሱ ከባሕሩ ዳር ዛጎል ለቅመው በሉ። መርዝ ነበረው። ከ100 በላይ ሰው እዚያው አለቀ።

ባራኖቭ ሲሻር፣ ይታማ ስለነበር መዝገቡ ተመረመረ። ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በ1819 ወደ አገሩ ሲመለስ ጃቫ አካባቢ መርከብ ላይ ሞተ፤ ሬሳውን ባሕር ውስጥ ጣሉት።

እኔን የያዘኝ ያ ንጹሕ መዝገብ ነው። እኔም ብሆን እፈርምለት ነበር። ስለዚህ ስንት እንደገባ ከጻፋችሁ በኋላ፣ ከየት መጣ፣ ማንስ ተጎዳበት ብላችሁ ጠይቁ። ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለውም። ኅዳጉ ላይ በእጃችሁ ጻፉት።

እኔ አልጻፍኩም። ከዓመታት በፊት የአንድ ጣውላ ነጋዴ ሒሳብ ልመረምር ገጠር ወረድኩ። ደረሰኙ በየቀኑ ተሰፍቶ ተቀምጧል፤ አምስት ሳንቲም አልጎደለም። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። በሦስተኛው ዓመት ስመለስም ሒሳቡ ልክ ነው። ሾፌራችን ግን መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ ሲዞር ቆየ።

"ጋሼ፣ ያኔ እኮ ጥላ ሥር ነበር ያቆምነው" አለኝ።