ለጓደኛችሁ ሕክምና ኳስ ልትጫወቱ ነው? ብሩን ከጨዋታው በፊት ሰብስቡ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። «ሀዋሳ ያለን የጤና ቡድን ነን። አንድ ተጫዋቻችን ኩላሊቱን ታሞ ደሙን በማሽን ማጣራት (ዲያሊሲስ) ጀምሯል። ክረምት ላይ በሚደረገው የጤና ቡድኖች ውድድር ተጫውተን ገንዘብ ልናሰባስብለት ነው። መግቢያ እናስከፍል ወይስ ሰውን በገባ ጎል ልክ እንዲከፍል ቃል እናስገባ?» ነው ያልከው። ይህን ነገር ዳር እስከ ዳር አይቼዋለሁ። እኛም የጤና ቡድን ነን፣ እኛም ሀዋሳ ነን፣ የእኛም ሰው የታመመው ኩላሊቱን ነው። ስለዚህ ማልያ ስለማሳተምና ምድብ ስለማውጣት አልነግርህም፤ እሱን ታውቁበታላችሁ። ያንገበገበኝን ብቻ ልንገርህ።

1. መግቢያ አታስከፍሉ። መግቢያ ያላችሁ ዕለት በጎ አድራጎቱ ይቀርና ንግድ ይሆናል። እኛ ሜዳ ለመጠየቅ ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። የቢሮው ስም ይቅር። ደብዳቤያችን ያማረ ነበር፤ የአማርኛ አስተማሪ የሆነው ተከላካያችን ነው የጻፈው። እዚያ ያገኘነው ሰውዬ ስልክ እያወራ ደብዳቤውን ተቀበለ። ገልብጦ ጀርባውን አየና «ማኅተሙስ?» አለ። የጤና ቡድን ነን፣ ማኅተም የለንም አልነው። «ማኅተም የሌለው ደብዳቤ የስኳር መጠቅለያ ነው» ብሎ መለሰልን። አብረውን የሄዱት ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ቁጭ ይበሉ እንኳ አላላቸውም። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ የታወቀው ምልልስ መጣ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ኃላፊው ፊልድ ወጥተዋል። ኃላፊው አሁን ወጡ፣ አልተገናኛችሁም? የተገኙ ዕለት ደግሞ መግቢያ እንደምናስከፍል ሰሙና «እንግዲያው ከገቢው ድርሻ አለን» አሉ። ለታመመ ሰው ከሚሰበሰብ ብር ድርሻ! እዚያው ተነስቼ የሚባለውን ሁሉ አልኩ። ሰብሳቢያችን ናቸው እጄን ይዘው ያወጡኝ።

የገላገለን እድር ነው። የሰፈራችን እድር ማኅተም አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፣ ባንክ ውስጥ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ አለው። የእድሩ ዳኛ ነገሩን ሲሰሙ «ሰው ሲሞት የምናወጣውን ሳይሞት ብናወጣው ምን አለበት?» ብለው ፈረሙልን። ደብዳቤውን በእድሩ ስም አስጻፍንና ወደዚያ ቢሮ ሳይሆን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወሰድነው። ርዕሰ መምህሯ አነበቡት። «ክረምት ነው፣ ሜዳው ባዶ ነው፤ ጎሎቹ ግን መረብ የላቸውም» አሉ። መረብ ገዝተን ሰጠን። በቃ፣ አለቀ። እናንተም በቀጥታ እዚያ ሂዱ። ለዚያ ቢሮ የሚባክን ጫማ አይኑራችሁ።

ደግሞ «ቶምቦላ እናውጣ» የሚል ልጅ ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኛም ነበረን። ቶምቦላ የብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ዝም ብሎ ቲኬት አሳትሞ መሸጥ ጣጣ ነው። «ድርጅት እናቋቁም» የሚልም ይመጣል። እሱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመራ ራሱን የቻለ መንገድ ነው። ለአንድ ጓደኛ፣ በእኔ ግምት፣ እድር ይበቃል።

2. ለምን እንደምትሰበስቡ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ዲያሊሲስ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ሕክምና አይደለም። በደንቡ ከተሄደ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መዋል ነው። በዓመት 156 ጊዜ ማለት ነው። ብር ያጠረው ሰው ወደ ሁለት ቀን ያወርደዋል፣ ሰውነቱም ወዲያው ይነግረዋል፤ እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጓደኛህ በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚከፍል ጠይቅና በ156 አባዛው። ቁጥሩን ስታየው አንድ ውድድር የትም እንደማያደርስ ይገባሃል። ንቅለ ተከላ ታስቦ ከሆነም፣ ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ይሠራል። ግን ኩላሊት የሚለግስ ሰው መገኘት አለበት፣ ከተሠራ በኋላም መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው።

ስለዚህ ውድድሩን የወርሃዊ መዋጮ መመዝገቢያ አድርጉት። ኳስ ሊያይ የመጣው ሰው በየወሩ ትንሽ ለመስጠት ስሙን አስመዝግቦ ይሂድ። 50 ብር ይሁን፣ 100 ይሁን፣ በቴሌብር ይላክ። እኛ ዘንድ ዛሬም ሳይቋረጥ የሚመጣው ብር ይኸው ነው። የዋንጫው ሆይ ሆይታ ያመጣው ብር ጥቅምት ሳይገባ አልቋል።

ልጁን ራሱን ሳትጠይቁ ፎቶውን ባነር ላይ እንዳታወጡ። የእኛው አልፈልግም አለ። «ሰው ሲያየኝ ከንፈር እንዲመጥልኝ አልፈልግም» ነው ያለው። ባነሩ ላይ የማልያ ቁጥሩን ብቻ አወጣን፣ ሰፈሩም ቁጥሩን አይቶ ማን እንደሆነ ገባው።

3. አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። በጎል ቃል ማስገባት ሲያወሩት እንዴት ያምራል! «ለገባች ጎል ሁሉ 200 ብር» ይላል አንዱ። ሌላው 300 ይላል። ሞንታርቦው ይጮኻል፣ ስም ይጠራል፣ ሰው ያጨበጭባል። ጸሐፊያችን ደብተሩን ሞላው። እኔ በስብሰባው ላይ «ብሩ ሳይገባ ስም አትጻፉ» ብዬ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። «አንተ ደግሞ ሰው አታምንም» ተባልኩ።

የመጀመሪያው ጨዋታችን ከባጃጅ ሾፌሮች ቡድን ጋር ነበር። 6 ለ 1 አሸነፍን። ደጋፊው አበደ፤ እያንዳንዷ ጎል ብር ናታ! ማታውኑ ጸሐፊያችን ደብተሩን ይዞ ለመሰብሰብ ወጣ። በጎል 500 ያስጻፈ ባለሱቅ አለ። ሦስት ሺህ ብር ይጠበቅበታል። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሁለተኛዋ ጎል ከጨዋታ ውጪ ናት።» ዳኛው አጽድቋታል እኮ። «ዳኛው የእናንተ ሰው ነው።» እሺ፣ እሷ ትቅር። «አራተኛዋን ያገባው የእነሱ ተከላካይ ነው። እኔ ቃል የገባሁት እናንተ ለምታገቡት ነው።» ስድስተኛዋስ? «እሷንማ በረኛው ለቀቀላችሁ!»

እዚህ ላይ ሰውዬው አልዋሸም። የባጃጆቹ በረኛ የታመመውን ልጅ ያውቀዋል። ሆስፒታል ሲመላለስ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ያደረሰው እሱ ነው። 4 ለ 1 ከሆነ በኋላ ኳስ ስትመጣ ገለል ማለት ጀመረ። ከልቡ ነው፤ እኛም እያየን ዝም አልን። ግን ቃል የገባው ሰው ዳር ቆሞ ያያል። በጎል ክፈል ያልከው ሰው ጎሏ የእውነት እንድትሆን ይፈልጋል፣ መብቱም ነው። ጣጣው በዚህ አላበቃም። ምድባችን ውስጥ ያለ ሌላ ቡድን፣ በጎል ልዩነት እንዳንበልጠው፣ «በችሮታ የገባ ጎል ይሰረዝልን» ብሎ ክስ አስገባ። የጤና ቡድን ውድድር ላይ ክስ! ለሻይ የሚበቃ ሰዓት ሁሉ በክርክር አለቀ።

ኳሱም ራሱ ተበላሸ። ሁሉም አጥቂ ሆነ። ተከላካዩ ከግማሽ ሜዳ ይመታል፣ አቀብለኝ ብትለው አይሰማህም፣ እያንዳንዱ ጎል አግብቶ ስሙ በሞንታርቦ እንዲጠራ ነው የሚፈልገው። በሁለተኛው ጨዋታ 3 ለ 0 ተሸነፍን። ዜሮ ጎል፣ ዜሮ ብር። የልጁ ዲያሊሲስ ግን በዚያ ሳምንትም ሦስት ቀን ነበር። ማሽኑ እኛ ማግባታችንን ወይም አለማግባታችንን አይጠይቅም።

በመጨረሻ ደብተሩ ላይ ከተጻፈው ግማሹ እንኳ አልገባም። ስልክ የማያነሳ አለ። «ወር ይግባ» የሚል አለ፤ ወሩ ገብቶ ወጥቷል። ትልቁን ቁጥር በሞንታርቦ ያስጠራው ሰውዬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገራል። ትንሽ ያስጻፉት ናቸው የከፈሉት። አሞራ ገደል ዓሳ የሚያጸዱ ልጆች በጎል 10 ብር ብለው ነበር። ማታውኑ ቆጥረው ሰጡን፤ ስንሸነፍ ደግሞ «ለማጽናኛ» ብለው ጨመሩበት።

በቀጣዩ ክረምት ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እናንተም እንዳለ ውሰዱት። በጎል ሳይሆን በጨዋታ ይከፈላል። ብናሸንፍም ብንሸነፍም ያው ነው። ብሩ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የእድሩ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የባንክ ደረሰኝ ወይም የቴሌብር መልእክት ያላሳየ ሰው ስሙ በሞንታርቦ አይጠራም። ይህቺ የመጨረሻዋ ናት ቁልፏ። ሰው ስሙ እንዲጠራለት ይፈልጋል፣ ምንም ክፉ ነገር የለውም። አንተ ደግሞ ስሙን የምትጠራው ከፍሎ ሲመጣ ነው። ያ ባለሱቅ ይኸው በቅድሚያ ከፍሎ፣ ሁለት ጊዜ አስጠርቶ፣ የፍፃሜው ዕለት ውኃ በካርቶን ይዞ መጣ። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ጎል በብር መሸጥ ነው ያጣላን።

የማልያ ጨረታም እንዲሁ። ያሸነፈ እዚያው ይልካል፤ ካልላከ ማልያው ለተከታዩ ይሰጣል። ጎልና ካርድ ላይ መቀለድ ካማራችሁ ራሳችሁ ተጫዋቾቹ ክፈሉ። እኛ ቢጫ ያየ 50 ብር፣ ፍፁም ቅጣት ምት የሳተ 100 ብር ይላል ደንባችን። ሰብሳቢያችን ከማንም በላይ የከፈሉት በዚህ ነው፤ መምታት ይወዳሉ፣ አያገቡም።

ስለ ቀኑ። ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ሜዳ የሚመጣልህ ሰው የለም፣ ባጃጅም አታገኝም። እሁድ ጠዋት ደግሞ የቡድናችን ግማሹ ቸርች ነው፤ የእናንተም እንደዚያው ይመስለኛል። ክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ። ለእኛ የሠራው ቅዳሜ በማለዳ ነው። ዓሳ ጠብሰን እንሸጣለን ብላችሁም ከሆነ በፍልሰታ እንዳትሞክሩት። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ብቻ ነው የሚተርፋችሁ፤ ዓሳው ይተርፋል፣ ክርክሩም ይተርፋል።

የጨዋታውን ሰዓት አሳጥሩ። የዓለም አቀፉ የኳስ ሕግ ራሱ ለአንጋፋዎችና ለታችኛው እርከን ውድድር ሰዓት ማሳጠርና የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ማድረግ ይፈቅዳል። አዘጋጆቹ «ሕጉ 90 ደቂቃ ነው» ካሉህ ይህንን ንገራቸው። እኛ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ነው የምንጫወተው። ከአርባ በላይ የሆነ ሁሉ ደግሞ ከውድድሩ በፊት ግፊቱን ይለካ። ለአንድ በሽተኛ ልንሰበስብ ወጥተን ሁለተኛ በሽተኛ ይዘን እንዳንመለስ ብለው ሰብሳቢያችን አጥብቀው ይዘውን ነበር፤ ሁለት ልጆች ሳያውቁት ግፊት ተገኘባቸው። አንዱ የእኛ ምርጥ አጥቂ ነበር። ዘንድሮ ከዳር ሆኖ ነው የሚጮኸው።

የተሰበሰበውን ለልጁ በእጁ አትስጡ። እሱን ስለማታምኑት አይደለም። ቤቱ ውስጥ ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ አበዳሪ አለ፤ ብር ባየው ሁሉ ይጠይቀዋል። በቀጥታ ለሕክምናው ክፈሉ፣ ደረሰኙን በየጊዜው በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ለጥፉ። ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ሸፍኑት። ደረሰኝ በወጣ ቁጥር ወርሃዊ መዋጮውን ረስቶ የነበረ ሰው ያስታውሳል። እኔ ራሴ ስንቱን ሳልናገር አስከፍያለሁ በዚህ።

በእድር ስም የጻፍነው ደብዳቤ ፎቶው አለኝ፣ በውስጥ ላክልኝ በልና እልክልሃለሁ። የመክፈቻ ጨዋታ የሚገጥማችሁ ቡድን ካጣችሁም እኛ አለን። የጨዋታውን ብር ከፍለን ነው የምንመጣው። በረኛችን ግን ጉልበቱን አሞታል፤ በረኛ ከእናንተ አውሱን።