መልስ፦ የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች በምን ያተርፋሉ?

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። «የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት አይቀየርለት፣ ካንዴላ የለው፣ ታዲያ አምራቾቹ ከሽያጭ በኋላ በምን ያተርፋሉ?» ብለህ ለጠየቅከው የማውቀውን ልንገርህ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የቻይናው ኒዮ ነው። በፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ ለፈለገ ሰው መኪናውን ያለ ባትሪ ይሸጣል። ባትሪውን በወር እየከፈልክ ትከራያለህ። ቻርጅ ሲያልቅብህ መለወጫ ጣቢያ ትገባለህ። ማሽን ከሥር ብሎኖቹን ይፈታል፣ ያለቀውን ባትሪ ያወርዳል፣ የሞላውን ይገጥማል። አንተ ከወንበርህ አትነሳም። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። የመኪናው መግዣ ይቀንስልሃል፣ ኩባንያውም ሸጦ ከመለያየት ይልቅ በየወሩ ገቢ ያገኛል። ጣቢያ መትከል ግን ገንዘብ ይበላል፤ ኒዮ ለዓመታት ሲከስር ነው የቆየው።

የአሜሪካው ቴስላ ደግሞ መንግሥት ያወጣውን የጭስ ልቀት ገደብ ማሟላት ላቃታቸው አምራቾች ክሬዲት ይሸጣል፤ ክሬዲት ማለት መኪናዎቹ ጭስ ስለማያወጡ በሕጉ መሠረት የሚያገኘው ነጥብ ነው። በ2020 ከዚህ ብቻ 1.58 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝቷል። የዓመቱ የተጣራ ትርፉ 721 ሚሊዮን ነበር። ክሬዲቱ ባይኖር ኪሳራ ላይ ነበር ማለት ነው። ሕግ ሲቀየር የሚደርቅ ገቢ ስለሆነ እኔ ብዙም አልተማመንበትም።

ተስፋ የማደርገው በፈረንሳዩ መኪና አምራች በሬኖ መንገድ ነው። ፓሪስ አቅራቢያ ያለውን የፍሊን ፋብሪካ ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ ማደስና ባትሪ ወደ መጠገን አዙሮታል። እኛም አገር በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ይሄ ሥራ በጣም ያስፈልገናል። ልትገዛ ካሰብክ ሻጩን መጀመሪያ ስለ ባትሪው ጠይቀው፦ ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? እዚህስ ማን ይጠግነዋል?