ከመንካታችን በፊት እንየው፦ ስለ አሮጌ ሕንፃዎች ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ሕንፃ ምርመራና ጥገና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣው ጥያቄ ከጠበቅኩት በላይ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሲሚንቶ ላይ ስንደርስ ትንሽ ታገሱኝ፤ እሱ ላይ የምለው ብዙ አለኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምን ላይ እንዳለ እንዳጣራ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ምንም መሣሪያ ሳትይዝ ዙሪያውን ዙረው። ከተቻለ ዝናብ እየዘነበ ሂድ። ውኃው ከጣሪያው ወርዶ የት እንደሚደርስ በዓይንህ ታያለህ። አሸንዳው ሞልቶ ይፈሳል? ቱቦው ውኃውን ግድግዳው ሥር ነው የሚተፋው? የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ብሏል? የአሮጌ ሕንፃ ችግር አብዛኛው ከውኃ ነው። ቀሪውንም ቢሆን ውኃ ያባብሰዋል።

ከዚያ ከላይ ወደ ታች ውረድ፤ ጣሪያ፣ የግድግዳው ራስ፣ ግድግዳ፣ መስኮትና በር፣ መሠረት። ውስጡንም እንዲሁ። ያየኸውን ሁሉ ፕላኑ ላይ፣ በትክክለኛ ቦታው ላይ አስፍር። ፎቶ ስታነሳ ሜትር አጠገቡ አድርግ።

አጥብቄ የምመክርህ ግን ያየኸውንና የገመትከውን ለያይተህ እንድትጽፍ ነው። «በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ልስኑ ተላጧል» ያየኸው ነው። «ከመሬት በሚወጣ እርጥበት ምክንያት» የገመትከው ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ግምትህን እንደ እውነት ይዞ ግድግዳ ያስቆፍራል። ሕንፃውን የሚጠብቁትንና የሚያጸዱትን ሰዎችም ጠይቃቸው። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ የትኛው በር በየትኛው ወቅት እንደሚጣበቅ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ግምገማ ማለት ያው ጉዳት መዘርዘር ነው አይደል?

መልስ፦ ግማሹ እሱ ነው። ሌላው ግማሽ ምን መጥፋት እንደሌለበት መለየት ነው። ድንጋዩ ላይ የቀረ የመሮ ምልክት፣ ከስንት ንብርብር ቀለም ሥር የተደበቀው የመጀመሪያው ቀለም፣ በጭስ የጠቆረ ወራጅ፣ የቀደመ ሰው ያደረገው ጥገና፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። ስለ ሠሪዎቹ የትም ያልተጻፈውን ይነግረናል። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ኢኮሞስ የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ባለሙያዎች ማኅበር የአውስትራሊያ ክፍል በ1979 ያወጣው የቅርስ ጥበቃ መመሪያ፣ የቡራ ቻርተር፣ መሠረታዊ ሐሳቡ ይኼው ነው፤ ለውጡ የሚያስፈልገውን ያህል ይሁን፣ ግን በተቻለ መጠን ትንሽ ይሁን።

ጥያቄ፦ የድንጋይ ግድግዳችን መጋጠሚያው እየተራገፈ ነው። ግንበኛው «ሲሚንቶ እንሙላበትና እንገላገል» ይላል። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ችግሩ ብዙ ነው፤ እባካችሁ ሥራው ካልተጀመረ አስቁሙት።

ዛሬ ሲሚንቶ የምንለው ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ፓተንት ያወጣበት በ1824 ነው። ከዚያ በፊት የተገነባ የድንጋይ ወይም የጡብ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ የተያያዘው በኖራ ወይም በጭቃ ነው። ኖራ እንዲህ ነው የሚሠራው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅቃል። ውኃ ሲጨመርበት ይፈላል፣ ከዚያ ይበርድና ሊጥ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከአየር ቀስ እያለ መልሶ ይወስዳል። በመጨረሻም ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል።

እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ መጋጠሚያው ይቀበለዋል። እርጥበት ሲገባ በመጋጠሚያው በኩል ተንኖ ይወጣል። ጨውም አብሮ ይወጣና ጉዳቱ መጋጠሚያው ላይ ይሆናል። መጋጠሚያ ደግሞ ይተካል። ድንጋይ አይተካም።

ሲሚንቶ ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ እርጥበቱንም ያፍነዋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል። ጨው ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ክሪስታል እየሠራ ከውስጥ ይገፋዋል። ብርድ አገር ከሆነ ውኃው በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ያድግና ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። በሲሚንቶ የተሞላ የለስላሳ ድንጋይ ግድግዳ ከዓመታት በኋላ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሲሚንቶው እንደ ፍርግርግ ወደ ውጭ ወጥቶ ቆሟል። ድንጋዩ በየመሃሉ ወደ ውስጥ ተበልቷል። በጣታችሁ ስትነኩት ዱቄት ይራገፋል። ሥራው ግን የተመረቀ ዕለት በጣም ያምር ነበር።

እና ምን ይደረግ? የላላውን መጋጠሚያ በእጅ አውጡ፤ በግራይንደር (በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መቁረጫ) አይደለም። ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። ጥልቀቱ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ብናኙን አጽዱ፣ አርጥቡ፣ በኖራ ሙሉ። ፀሐይና ነፋስ በፍጥነት እንዳያደርቀው በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ሁልጊዜ እርጥበት ለሚያገኘው ቦታ ውኃ ውስጥም የሚጠነክር የኖራ ዓይነት አለ። ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም የተፈጨ ጡብ እየቀላቀሉ ይህንኑ ይሠሩ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛ ዘንድ ሲሚንቶው ከዓመታት በፊት ተሞልቷል። ነቅለን እናውጣው?

መልስ፦ በቀላሉ የሚላቀቅ ከሆነ አዎ። ድንጋዩን ይዞ የሚወጣ ከሆነ ግን ተዉት። ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩና አይታችሁ ወስኑ።

ጥያቄ፦ የድሮው ኖራ በምን ልክ እንደተቦካ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ከማይታይ ቦታ ናሙና ይወሰድና በአሲድ ይሟሟል። ኖራው ይጠፋል፣ አሸዋው ይቀራል። አሸዋው ይነፋና የቅንጣቱ መጠንና ቀለሙ ይታያል። አንድ ወጥመድ አለው፤ አሸዋው ራሱ የኖራ ድንጋይ ወይም የቀንድ አውጣ ዛጎል ካለበት እሱም አብሮ ይሟሟል። ያኔ ናሙናው በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በእኔ እምነት ከልኬቱ ይልቅ የሚመሳሰል አሸዋ ማግኘት ይበልጣል። የመጋጠሚያውን መልክም ጠባይም የሚወስነው በአብዛኛው አሸዋው ነው።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ተሰንጥቋል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይፈርስ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ጥያቄ ስንጥቁ ዛሬም እየሰፋ ነው ወይስ ከቆመ ቆይቷል የሚለው ነው። ውስጡን ተመልከቺ። አቧራ፣ የሸረሪት ድርና የድሮ ቀለም ካለበት ያረጀ ነው። ጠርዙ ንጹሕና ስል ከሆነ አዲስ ነው። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ከጠበበ ወይም ከዚያ በተቃራኒ ከሆነ የትኛው ወገን እንደሰመጠ ወይም እንደተገፋ ይጠቁማል። ቱምቢ ጥለሽም ግድግዳው ምን ያህል እንዳዘነበለ ለኪ።

ከዚያ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ምልክት አድርጊና ርቀቱን በየወሩ ለኪ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ያስፈልጋል። ግድግዳ በበጋና በክረምት ይተነፍሳል፤ በ3 ወር ልኬት «እየሰፋ ነው» ማለት አይቻልም። ግድግዳው ሆድ ካወጣ ወይም ስንጥቁ በቀናት ውስጥ ከተለወጠ ግን ዓመት አይጠበቅም። ሰው አስወጪ፣ ድጋፍ አስደርጊ፣ የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሪ።

መለካት ምን ያህል እንደሚጠቅም በጣሊያን ያለው ያዘነበለው የፒዛ ግንብ ምስክር ነው። በ1990 ለጎብኚ ተዘጋ። ባለሙያዎች ለዓመታት ለኩት፣ አጠኑት። በመጨረሻ ወደ ላይ ከፍ ካለው ወገን ሥር በጥንቃቄ አፈር እያወጡ ራሱ ቀስ ብሎ እንዲመለስ አደረጉት። ጫፉ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ተመለሰ። በ2001 ተከፈተ። የመለሱት ግንቡን ገፍተው ሳይሆን አፈሩን ነክተው ነው!

ጥያቄ፦ በእርጥበት መለኪያ ስለካ 100 አሳየኝ። ኬሚካል እንድወጋበት ተመክሬአለሁ።

መልስ፦ አትቸኩል። ባለ ሁለት መርፌው መለኪያ የሚለካው ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ ነው፤ የተሠራውም ለእንጨት ነው። ጨው ያለበት ግድግዳ ደረቅ ቢሆንም እርጥብ ነኝ ይልሃል። ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ከተለያየ ከፍታና ጥልቀት ዱቄት ይወሰዳል፣ ይመዘናል፣ በምድጃ ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል።

ኬሚካሉን ከመውጋትህ በፊት ግን ቀላሉን አድርግ። የውጭውን አፈር ከወለሉ በታች ዝቅ አድርግ። ቱቦውን ከግድግዳው አርቅ። በሲሚንቶ የተለሰነ ካለ በጥንቃቄ አንሳ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል፤ በሳምንቱ ውጤት አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ውኃ የማያስገባ ቀለም ብንቀባውስ?

መልስ፦ የገባውን ውኃ ያግተዋል። አይሆንም።

ጥያቄ፦ የጣሪያው ወራጆች ብል በልቷቸዋል ተብሎ ሁሉም ይቀየሩ እየተባለ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ላዩ ላይ ቀዳዳ ስለታየ ብቻ እንጨቱ አለቀለት ማለት አይደለም። ነፍሳቱ የወጡት ከ50 ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል። ከቀዳዳው ሥር አዲስ ዱቄት አለ ወይ? በመዶሻ እጀታ ሲመታ ድምፁ ጠንካራ ነው ወይስ ባዶ? በወስፌ ሲወጋ ስንት ይገባል? ከሁሉ በላይ ወራጁ ግድግዳ ውስጥ የገባበትን ጫፍ ፈትሹ። መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው ደግሞ አያየውም። ቀጭን መርፌ እየሰረሰረ የእንጨቱን ጥንካሬ የሚመዘግብ መሣሪያም አለ፤ የሚያገኙ ከሆነ በጣም ይረዳል። ጫፉ ብቻ ከበሰበሰ ጫፉ ብቻ ተቆርጦ በተመሳሳይ ደረቅ እንጨት ይቀጠላል። ጥሩ አናጺ ይህን ያውቅበታል።

ጥያቄ፦ የላላ ድንጋይ በብረት ቢታሰር?

መልስ፦ ብረቱ ምን ዓይነት ነው? በግሪክ አቴንስ ያለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖንን የሠሩት ሰዎች ብሎኮቹን ያሰሩት በብረት ነበር፤ ግን ብረቱን እርሳስ በሚባለው ለስላሳ ማዕድን ሸፍነውታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግሪካዊው መሐንዲስ ኒኮላኦስ ባላኖስ ሲጠግነው ያለዚያ ሽፋን ተራ ብረት አስገባበት። ብረቱ ዛገ። ዝገት ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ እብነ በረዱን ከውስጥ ሰነጠቀው። ከ1975 ወዲህ የተዋቀረው ቡድን ያንን ብረት እያወጣ በቲታኒየም ሲተካ ኖሯል። ጥንታዊው ሥራ ለ2,000 ዓመታት ችሎ ጥገናው በአንድ ትውልድ ጎዳው። ስለዚህ የማይዝግ ብረት ወይም ቲታኒየም ይሁን፤ መልሶ ሊወጣ በሚችል መንገድም ይግባ።

ጥያቄ፦ የጠቆረ ጡብ በአሸዋ ግፊት ማጽዳትስ?

መልስ፦ በፍጹም። ጡብ ሲተኮስ ላዩ ላይ ጠንካራ ቆዳ ያወጣል። አሸዋው ያንን ይገፈዋል፣ ከዚያ ዝናብ ይጠጣል። ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ ውኃ ሞክሩ። ካልለቀቀ ጥቁር ሆኖ ይቆይ፤ ጥቁረት ሁሉ ጉዳት አይደለም።

ጥያቄ፦ የፈረሰውን ክፍል እንደ ድሮው መልሰን ብንሠራው ቅርስነቱ ይቀራል?

መልስ፦ በ1964 የወጣው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ መመሪያ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ ግምት ሲጀምር እድሳት መቆም አለበት ይላል። ፎቶ፣ ልኬት፣ የወደቀው ድንጋይ ራሱ ካለ መመለስ ይቻላል። «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መሥራት ግን አዲስ ሕንፃ መፍጠር ነው።

ሆኖም ሁሉም ቦታ በአንድ ሚዛን አይለካም። የማሊው የጄኔ መስጊድ የጭቃ ነው፤ ሕዝቡ በየዓመቱ ይለስነዋል። የጃፓኑ የኢሴ መቅደስ በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ቦታ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የመጨረሻው በ2013 ነበር። እዚያ የሚጠበቀው ከእንጨቱ ይልቅ እውቀቱ ነው። በ1994 ስለ ቅርስ እውነተኛነት የወጣው የናራ ሰነድ ይህንን ልዩነት እውቅና ሰጥቶታል። እኔ ግን ይህን ምሳሌ እየጠቀሱ የደህና ድንጋይ ግድግዳ ማፍረስን አልቀበልም። ኢሴ እንዲህ የሚኖረው ያልተቋረጠ የአናጺዎች ልምድ ስላለው ነው።

ጥያቄ፦ ሌዘር ስካን፣ ማለትም ሕንፃውን በሌዘር ጨረር በዝርዝር መለካት፣ የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም፤ ካለ ግን ጥሩ ነው። በ2019 በተቃጠለው የፓሪሱ ኖትርዳም እድሳት ላይ አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር አንድሩ ታለን አስቀድሞ የሠራው ስካን ጠቅሟል። ከሌለ በሜትርና በውኃ ልክ የተሠራ ጥንቁቅ ንድፍና አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየደገመ የተነሱ ፎቶዎች ብዙ ርቀት ይወስዳሉ።

ጥያቄ፦ ለጥገና ገንዘብ የለንም። ሕንፃው ተዘግቶ ነው ያለው። እስከዚያው ምን እናድርግ?

መልስ፦ ዘግታችሁ አትርሱት። አሸንዳውን ጥረጉ፣ የተንሸራተተ የጣሪያ ክዳን ካለ መልሱ፣ ግድግዳ ላይ የበቀለ ዛፍ ካለ ሥሩ ሳይወፍር ቁረጡት። አትንቀሉት፤ ሥሩ ድንጋይ ይዞ ይመጣል። መስኮቶቹን ስትሸፍኑ የአየር ማለፊያ ተዉ፤ የታፈነ ቤት ይበሰብሳል። የኤሌክትሪክ መስመሩን አስቋርጡ። አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ በወር አንዴ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በማግስቱ ገብቶ ኮርኒሱን ይይ፤ አዲስ የእርጥበት ምልክት ካየ ቀኑን ጽፎ ፎቶ ያንሳ።